«የተፈጥሮ ክትባት» ማለት ምን ማለት ነው?

ተጠራጣሪው፦ ዛሬ ጠዋት አንድ የሬዲዮ እንግዳ «የሲክል ሴል ጂን የወረሰ ሰው የተፈጥሮ ክትባት ስላለው ወባን አይፈራም» አለ። ቀይ የደም ሕዋስን ማጭድ የሚያስመስለውን የዘር በሽታ የሚያወርሰውን ጂን ማለቱ ነው። አዘጋጁም አመስግኖ ሙዚቃ ጋበዘን። ይህ ዝም ይባላል?

ቀለም ወዳድ፦ ምኑ አስቆጣህ? ተመራማሪው አሊሰን እ.ኤ.አ. በ1954 የጻፈው ይህንኑ አይደለም? ጂኑን ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰ ልጅ በከባድ የፋልሲፓረም ወባ (ገዳዩ የወባ ዓይነት) የመጠቃት ዕድሉ በ90 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የሚበልጥ ክትባት ካለህ አምጣ።

ተጠራጣሪው፦ «ከባድ» የምትለዋን ቃል ራስህ ጽፈህ ራስህ ዘለልሃት። ተውሳኩ እኮ ደሙ ውስጥ ይገባል! የሚቀንሰው የሕመሙ መጽናትና ሞቱ ነው።

ቀለም ወዳድ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 የተቀበለው የወባ ክትባትም ከመያዝ ፈጽሞ አያድንም። እርሱንም ስሙን ንጠቀዋ!

የሁለት ልጆች እናት፦ እናንተ በቃል ተጫወቱ። እኔና ባለቤቴ ጂኑን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረስን ተሸካሚዎች መሆናችንን ሳናውቅ በጤና ኖርን። ታናሹ ልጃችን ከሁለታችንም ወርሶ ሌሊቱን «አጥንቴን» እያለ ያለቅሳል። በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ ዕድል እንዳለው የሰማነው እርሱ ከታመመ በኋላ ነው። ወባ ቢይዘው ደግሞ ከወንድሙ ይልቅ የምፈራው ለእርሱ ነው። ክትባቱ የታለ?

ቀለም ወዳድ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ያልኩት ስለ ተሸካሚው እንጂ ስለ ታማሚው አይደለም።

ተጠራጣሪው፦ እንግዳው ግን «የወረሰ» ብሎ ሁለቱን በአንድ ከረጢት ከተታቸው። አድማጩ በምን ይለያቸው?

ነገር አዋቂ፦ ዳፊ የተባለውን የቀይ ደም ሕዋስ ፕሮቲንስ ለምን ረሳችሁት? ቀይ የደም ሕዋሱ ላይ ዳፊ የሌለው ሰው ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት አይዘውም ተብለን ተምረን ነበር። ማዳጋስካር ላይ ግን እንዲህ ያሉ ሰዎች በቫይቫክስ ታመው ተገኙ።

የላቦራቶሪ ሰው፦ ከወባ ይከላከላል የሚባለው የጂ-ስድስት-ፒዲ (ቀይ የደም ሕዋስን የሚጠብቅ ኢንዛይም) እጥረትም አለ። ያለበት ሰው ሳይመረመር ፕሪማኩዊን የተባለውን የወባ መድኃኒት ቢውጥ ቀይ የደም ሕዋሱ ሊፈርስ ይችላል። በሽተኛው ፊት ቆማችሁ «ክትባት አለህ» በሉት እስቲ።

ቀለም ወዳድ፦ እሺ፣ «ከፊል የተፈጥሮ ክትባት» ብንለውስ?

ተጠራጣሪው፦ «ከፊል» የምትለዋ ሬዲዮ ጣቢያው በር ላይ ትቀራለች።

የሁለት ልጆች እናት፦ ለመሆኑ ከመካከላችሁ ከጋብቻ በፊት የተመረመረ አለ?

ቀለም ወዳድ፦ ወደ ግል ጉዳይ ባንገባ።

ነገር አዋቂ፦ የዳፊን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም።