ቢሾፍቱ፣ ጥቁር አፈር ላይ የመዋኛ ገንዳ፦ ከሥር የሚመጣው ውሃ ምን ይደረግ?

ግቢሠሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ቢሾፍቱ ላይ ውስጡ 8 በ4 ሜትር፣ ጥልቀቱ ወጥ 1.5 ሜትር የሆነ የአርማታ ገንዳ ሊሠራ ነው። ወለሉም ግድግዳውም 20 ሴንቲ ውፍረት አለው። የሙከራ ጉድጓድ ሲቆፈር እስከ 2.3 ሜትር ድረስ ጥቁር አፈር ነው፣ ከሱ በታች ድንጋያማ ይሆናል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ውሃው ከመሬት 50 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ቆሟል። ኮንትራክተሩ «ጥቁሩን ጨርሰን አውጥተን በሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) እንሞላዋለን፣ በቃ» ይላል። ይበቃል?

አፈርላብ
ጥቁር አፈር ሲርስ ስለሚያብጥ ማውጣቱ ልክ ነው፤ ችግሩ «በቃ» ያለው ላይ ነው። ጥቁር አፈር ውሃ አያሳልፍም፣ ሬድ አሽ ያሳልፋል። ጭቃ መሀል ጉድጓድ ቆፍረህ ውሃ የሚያሳልፍ ነገር ስትሞላበት ባልዲ ሠራህ ማለት ነው፤ የክረምቱ ውሃ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ገንዳህ ባልዲው ውስጥ ይቀመጣል።

ሒሳቡን እየው። የገንዳው የውጭ ልክ 8.4 በ4.4፣ ወደ 37 ካሬ ነው። አርማታው 15 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ክብደቱ 37 ቶን አካባቢ ይሆናል። የወለሉ ሥር 1.7 ሜትር ላይ ነው፤ ውሃው ደግሞ 50 ሴንቲ ላይ ቆሟል። ስለዚህ 1.2 ሜትር ውሃ 44 ቶን ያህል ወደ ላይ ይገፋዋል። ሙሉ ሲሆን 48 ቶን ውሃ ስላለበት ንቅንቅ አይልም። ለጽዳት ባዶ የተደረገ ቀን ግን ይነሳል፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ጫፍ ቀድሞ ስለሚነሳ ቧንቧውን ይቆርጠዋል።

ያየኸው ውሃ ከላይ የገባ ዝናብም ሊሆን ይችላል። ቀድተህ ጨርሰው፣ የሙከራ ጉድጓዱን አፍ በላስቲክ ሸፍነህ ዙሪያውን ቦይ አውጣለት፤ ውሃው ተመልሶ ከመጣ ከሥር ነው። ጭቃ ውስጥ ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ አንድ ሌሊት አይበቃም፣ ሳምንት ጠብቅ።

ገረገንቲ (ለሙሌት የሚመረጥ አፈር) ብለው የሚያመጡልህንም በዓይን አትመን። አድርቀህ በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት ንፋው፣ ከዱቄቱ 10 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ባለው መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ጨምርና 24 ሰዓት ተወው። 10 ሚሊ ሊትሩ አብጦ 20 ከደረሰ ያመጡልህ የሚያብጥ አፈር ነው፣ መልስላቸው። ከ15 በታች ከሆነ ብዙም አያሳስብም።

ፎርማን
ቁፋሮው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይሁን። ከግድግዳው ውጭ በየጎኑ 1 ሜትር ጨምሩ፤ ዳሩ ቀጥ ብሎ አይቆረጥ፣ አንድ ለአንድ (ለአንድ ሜትር ጥልቀት አንድ ሜትር ወደ ጎን) ይጋደም፣ እንዳይሰነጠቅም በላስቲክ ይሸፈን። ኤክስካቫተሩ የመጨረሻውን 20 ሴንቲ ይተወው፤ እሱ ሙሌቱ በሚገባበት ቀን በሰው ይወጣል። የቦካ ጭቃ ካለ ጠርጋችሁ አውጡት። ድንጋይ ጥሎ መርገጥ የተለመደ ነው፤ ግን ጭቃው በድንጋዮቹ መሀል ተጨምቆ ይወጣል፣ ወለሉም እኩል አይቀመጥም።

ከወለሉ ሥር ያላችሁ 60 ሴንቲ ነው። 35ቱን ገረገንቲ በሁለት ዙር፣ ውሃ እየረጫችሁ ጠቅጥቁት፤ የዴንሲቲ ቴስቱ (ምን ያህል እንደተጠቀጠቀ የሚለካው ፍተሻ) ከ95 በመቶ ካነሰ አትለፉት። ከላዩ ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚያስቀር ጨርቅ) አንጥፋችሁ 20 ሴንቲ ጠጠር 02 (የጠጠር መጠን መለያ ነው)፣ ከዚያ ላስቲክና 5 ሴንቲ ሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው ያነሰ ስስ አርማታ)። በጠጠሩ ዳር ዙሪያውን 110 ሚሊ የተበሳ ፒቪሲ በጂኦቴክስታይል ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ በየሜትሩ 1 ሴንቲ ይዘቅዝቅ። ቧንቧው ዲያሜትሩ 60 ሴንቲ በሆነ የኮንክሪት ቱቦ ወደተሠራ ጉድጓድ ይገባል፤ የጉድጓዱ ወለል ከገንዳው ወለል ሥር 80 ሴንቲ ይውረድ፣ ውስጡም ተንሳፋፊ ማብሪያ ያለው ሰጣሚ ፓምፕ ይቀመጥ። ግቢው ተዳፋት ከሆነ ግን ቧንቧውን እስከ ታች አውጥታችሁ በራሱ እንዲፈስ አድርጉ። መብራት የሚጠፋው ያው ዝናቡ ሲወርድ ነው።

የግድግዳው ጀርባ ሙሌት የላይኛው 40 ሴንቲ ሬድ አሽ አይሁን፤ ቀይ አፈር ጠቅጥቃችሁ ክደኑት፣ አለዚያ የጣሪያው ውሃ በሱ በኩል ይወርዳል። አርማታው ከተሞላ በኋላም ገንዳው ውሃ እስኪይዝ ድረስ ፓምፑ አይቆምም።

ግቢሠሪ
እናመሰግናለን። ሃይድሮስታቲክ ቫልቭ ከገባ ፓምፑ ይቀራል?

ገንዳጥገና
አይቀርም። ቫልቩ ይግባ፤ ወለሉ ላይ ባለው ማፍሰሻ ሥር፣ ጠጠር ውስጥ። የውጭው ውሃ ከውስጡ ሲበልጥ ተከፍቶ ያስገባል፣ ገንዳው ከሚነሳ ቆሻሻ ውሃ ቢገባ ይሻላል። ነገር ግን አንድ የአሸዋ ቅንጣት ጎማው ሥር ከተሰነቀረ አይገጥምም፤ ሳታውቁት ውሃችሁ ወደ ሥር ይፈሳል። ባልዲ በገንዳው ውሃ ሙሉና የገንዳው መውረጃ ደረጃ ላይ አስቀምጡ፣ የሁለቱንም የውሃ ልክ ምልክት አድርጉ። በ24 ሰዓት ገንዳው ከባልዲው በላይ ከቀነሰ የሚያፈስ ቦታ አለ።

ዙሪያውን የሚነጠፈው ንጣፍ ከገንዳው ጋር አይያያዝ። ሐምሌ ላይ ጥቁሩ አፈር ንጣፉን ሲያነሳው የገንዳውን ከንፈር ይዞ ይነሳል፣ ሴራሚኩ መስመር በመስመር ይሰነጠቃል። 2 ሴንቲ ክፍተት ትታችሁ በሲሚንቶ ሳይሆን በፖሊዩሪቴን ማሸጊያ ሙሉት፤ ንጣፉም በየሜትሩ 2 ሴንቲ ወደ ውጭ ያዘንብል።

ገንዳውን ባዶ ማድረግ ካስፈለገ በጥር ወይም በየካቲት አድርጉት። ያን ቀንም መጀመሪያ የፓምፑን ጉድጓድ ክዳን ከፍታችሁ ውሃው ከገንዳው ወለል በታች መሆኑን በሜትር ለኩ።