ድሬዳዋ ላይ፦ ለ9 ዓመት ልጄ ቤት ውስጥ የሚሠራ የባዮሎጂ ሙከራ ጠቁሙኝ

ጥያቄ፦ የከዚራዋ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ጉንዳን ካየች ምሳዋን ትረሳለች። ማይክሮስኮፕ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ባለፈው ሳምንት ቦሎቄ በጥጥ ላይ አስቀመጥን፤ በሙቀቱ ጥጡ በአንድ ቀን ደረቀ። ሁለተኛው ላይ ውኃ አበዛሁና ሸተተ፤ ልጅቷ አለቀሰች። በቤት ዕቃ የሚሠራ፣ ቶሎ ውጤቱ የሚታይ ነገር ካላችሁ አካፍሉኝ። ደግሞ በረንዳ ላይ ካለው የውኃ በርሜል ትሎች አይታ በብርጭቆ ላሳድጋቸው እያለች ነው። ልፍቀድላት?

መልስ፦ የሳቢያን መምህር
እህቴ፣ ቦሎቄውን አትተዪው፣ ጥጡን ብቻ ተዪው። የብርጭቆውን ውስጥ ዙሪያውን በሶፍት ሸፍኚና ሌሊቱን የተዘፈዘፈውን ዘር በሶፍቱና በመስታወቱ መሀል አጣብቂው። ከሥር አንድ ጣት የማይሞላ ውኃ ይበቃል፤ ዘሩ ውኃውን አይንካ፣ ሶፍቱ ራሱ ይስብለታል። ያኛው የሸተተው ዘሩ ስለሰጠመ ነው፤ ዘርም ይተነፍሳል። አፉን ቀዳዳ ባለው ፌስታል ሸፍኚና ከፀሐይ አርቂው።

ከቀፊራ ገበያ ያልተከካና ያልተቆላ ባቄላ ገዝተሽ ከቦሎቄው ጎን አድርጊ። ቦሎቄው ሁለቱን ክኮቹን ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ባቄላው ክኩን እታች ትቶ ቅጠሉን ብቻ ይልካል። ለምን እንደሚለያዩ ቶሎ አትንገሪያት፣ መጀመሪያ ትሳለው። ሥሩ ሲረዝም ደግሞ ብርጭቆውን አጋድሚው፤ ሥሩ ዞሮ ወደ ታች ሲታጠፍ ታያለች።

መልስ፦ ላቦራቶሪ የምሠራ
በአንድ ቀን የሚያልቅ ከፈለግሽ ምራቅ ነው። ሩብ የሻይ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ውኃ አፍልተሽ ለሁለት ክፈይው። ለብ ሲል ልጅቷ አንዱ ውስጥ ብዙ ምራቅ ትትፋና ታማስለው። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ በሁለቱም ላይ ከፋርማሲ የተገዛ የቁስል አዮዲን ጠብ አድርጉ። ምራቅ የሌለው ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ምራቅ ያለው ግን ወይ አይጠቁርም ወይ ቀለሙ ይሳሳል፤ ምራቃችን ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር ስለሚሰባብረው ነው። አዮዲኑን አንቺ ያዢው፤ ልብስ ያበላሻል፣ የተሞከረበትም አይጠጣም።

መልስ፦ የመጋላዋ
እኔ ከልጆቼ ጋር የዳቦ እርሾ በግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ሠርቻለሁ። ለብ ያለ ውኃ፣ እርሾና አንድ ማንኪያ ስኳር፣ አፉ ላይ ፊኛ። ሁለተኛው ጠርሙስ ስኳር የለውም። እርሾው ስኳሩን ሲበላ ጋዝ ስለሚያወጣ የመጀመሪያው ፊኛ ተነፋ፣ ሌላኛው እንደተኛ ቀረ። ከዚያ ምጣድ ላይ የእንጀራ ዓይን ሲወጣ "እማዬ፣ ያው ጋዝ ነው!" አለችኝ ልጄ።

መልስ፦ የጤና ባለሙያ
ትሎቹ የቢምቢ እጮች ናቸው፤ አታሳድጊ። ከተማችን በትንኝ የሚተላለፉ በሽታዎችን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊን፣ በ2019 ቺኩንጉንያን አይታለች። በ2022 ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ ወባ አስፋፍታብናለች። እነዚህ ትንኞች በየቤታችን በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው የሚራቡት። በእኛ ሙቀት እጭ በሳምንት ገደማ ክንፍ ያወጣል።

ግን ሳታሳዪያት አትድፊው። ጥቂቱን በነጭ ሳህን ቅጂና አንቺ ባለሽበት አሥር ደቂቃ ትመልከት። በውኃው ገጽ ላይ ጠፍጣፋ የተኛው የአኖፊለስ እጭ ነው፤ ዴንጊን የምታስተላልፈው የኤዲስ ትንኝ እጭ ግን ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጎ በመተንፈሻ ቱቦው ይንጠለጠላል። ይህን ለይታ ካወቀች ከብዙ አዋቂ በልጣለች። ስትጨርሱ ሳህኑን ደረቅ መሬት ላይ ድፉት፣ በርሜሉን ባዶ አድርገሽ ውስጡን በብሩሽ ፈግፍጊው፤ የኤዲስ እንቁላል ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ክዳን።

መልስ፦ የከዚራዋ እናት
አመሰግናለሁ አቦ! በርሜሉን ዛሬ ፈገፈግነው፤ ሳህኑ ላይ ያገኘቻቸው በሙሉ የተንጠለጠሉ ነበሩ። ምራቁን ግን መጀመሪያ ገና ሲያቃጥል ስለጨመርነው ሁለቱም ጠቆሩ።

መልስ፦ ላቦራቶሪ የምሠራ
ሙቀቱ ኢንዛይሙን አበላሽቶት ነው። እንደ ሦስተኛ ብርጭቆ ቁጠሩት፣ ጥሩ ሙከራ ሆኗል። አሁን ለብ ባለው ድገሙት።

መልስ፦ የከዚራዋ እናት
ደገምነው፣ ነጭ ሆኖ ቀረ! ባቄላውና ቦሎቄው ከትናንት ማታ ጀምሮ ተዘፍዝፈዋል።