ከማውቃት ሴት ገጸ ባሕርይ ስቀርጽ ምን ያህል ልቀይር?

ሐይቅ ዳር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ዓሣ የምትበልት ሴት ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነችበት አጭር ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። መነሻዋ በአካል ያለች ሴት ናት። ስሟን ቀይሬዋለሁ፤ ይበቃል?

ብራና፦ አይበቃም እህቴ። የሰፈር ሰው የሚያውቃት በአመሏ፣ በአነጋገሯና በልጆቿ ቁጥር ነው። ቢያንስ 3 ሰው ቀላቅዪ፦ እጇን ከአንዷ፣ አነጋገሯን ከሌላዋ፣ ፍርሃቷን ከራስሽ ውሰጂ። ፍርሃትን ከውጭ ብቻ አይተሽ ከጻፍሽው ይቀዘቅዛል። የምታስቀሪውን ግን በቅርብ አሳዪው፤ ለምሳሌ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት ክንዷ ላይ ደርቆ ሲያብለጨልጭ፣ ዋጋ ስትጠየቅ ቢላዋውን ሳታስቀምጥ በአገጯ ስትጠቁም። እንዲህ ያለ አንድ ምልክት የአንድ ገጽ የመልክ ገለጻ ያስንቃል።

ቀለም ቀንድ፦ በብራና ሐሳብ እስማማለሁ። ራስን መቅዳትም ወጥመድ አለው፦ ደራሲውን የሚመስል ገጸ ባሕርይ ዳር ቆሞ ይታዘባል እንጂ ምንም አያደርግም፤ አይሳሳትምም። አንቺ የማትወስኚውን አንድ ነገር አስወስኛት፤ መዘዙንም እዚያው ታሪኩ ውስጥ ትቅመሰው። ንግግሩን ለመፈተሽ ስሞቹን ሸፍነሽ 10 ምልልስ ጮክ ብለሽ አንብቢ። ማን እንደተናገረ ካልለየ ሁሉም የሚያወሩት በአንቺ አፍ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ እግዜር ይስጥልኝ። የነገረችኝ ምስጢርስ?

ብራና፦ እሱን ጨርሶ አትንኪው። ስሙም ቦታውም ቢለወጥ እሷ ታውቀዋለች። ያንኑ ያህል የሚከብድ ሌላ ምስጢር ፍጠሪላት።