ኮሮላዬ ሲሞቅ አልነሳ አለኝ፣ ፓምፕ ልግዛ?

ኮሮላው94
ሰላም ቤተሰብ። የ1994 ኮሮላ አለኝ፣ 1.3 ኢንጀክሽን፣ ሞተሩ 4ኢ-ኤፍኢ። ጠዋት ቁልፍ ገና ስነካው ይነሳል። ችግሩ ከሞቀ በኋላ ነው። ባለፈው ሳምንት አዳማ ወርጄ ምሳ በልቼ ከ20 ደቂቃ በኋላ ብመለስ ሞተሪኖው እንደ ጉድ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች። አንድ ሰዓት ያህል ቆሞ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሳ። ካንዴላ ቀይሬያለሁ። መካኒኬም የሙቀት ሴንሰር ነው ብሎ ቀይሮልኛል፣ ለውጥ የለም። አሁን ደግሞ የነዳጅ ፓምፕ ግዛ እያለኝ ነው።

የቆላ ሹፌር
ቤንዚኑ ፈልቶ ነው። እኛ በድሮዎቹ መኪና እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጣል አድርገን፣ ትንሽ አረፍ ብለን መንገዳችንን እንቀጥል ነበር።

ባለ ቴስተር
ጋሼ፣ እሱ ለካርቡሬተር ነው። የዚህ ልጅ ፓምፕ ያለው ታንከር ውስጥ ነው፣ ጨርቁን የት ያልብሰው?

ወንድሜ፣ ፓምፑን ገና አትግዛ። መኪናው እምቢ ባለህ ሰዓት እዚያው ቆመህ የጎደለውን ለይ። ትርፍ ካንዴላ ገመዱ ላይ ሰክተህ ብረቱን ሞተሩ ላይ አስነካና አንድ ሰው ያዙርልህ። ካንዴላው ጫፍ ላይ እሳት ብልጭ ካላለ ነገሩ የነዳጅ አይደለም፤ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ያለው ፒክአፕ (የሞተሩን መዞር የሚያነበው ሴንሰር) ወይም እሳቱን የሚያስነሳው ኢግኒተር ሲግል እየተቋረጠ ይሆናል። እሳት ካለ ገመዱን ቦታው መልሰህ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠህ አዙር። እያሳለ ተነስቶ ጥቁር ጭስ ከተፋ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው፣ ወይ ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር ያንጠባጥባል ወይ የቤንዚኑን መጠን የሚወስነው ኮምፒውተር ሞተሩ የቀዘቀዘ መስሎታል። ፔዳሉ ምንም ሳይረዳው ሁለት ሦስቴ ካዞርክ በኋላ የሚነሳ ከሆነ ግን መስመሩ ግፊት አይይዝም፤ ያኔ ነው ፓምፑን የምንጠረጥረው። የነዳጅ ግፊት መለኪያ ጌጅ ካገኘህ ሞተሩ ከጠፋ 5 ደቂቃ በኋላ ቢያንስ 1.5 ባር ማሳየት አለበት።

ደግሞ «ቁልፉን ክፈትና ፓምፑን አዳምጥ» የሚሉህን አትስማ። እንዳንተ ባለው የዚያ ዘመን ቶዮታ ፓምፑ የሚሠራው ሞተሩ ሲዞር ነው፣ ስለዚህ ዝም ቢል ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በዚህ ምክንያት ስንት ደህና ፓምፕ ተጥሏል መሰለህ!

በነገራችን ላይ ቤንዚን ይበላል?

ኮሮላው94
ኧረ ይበላል! ከወር በፊት ከምቀዳው ጨምሬያለሁ፣ እኔ ግን መንገዱ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሆን ብዬ አሙቄ አቆምኩት። እሳት አለ። ፔዳሉን ስረግጥ ተነሳ፣ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ አጨሰ።

ባለ ቴስተር
በቃ ተገኘ ማለት ይቻላል። የተቀየረልህ ሴንሰር ስንት ሽቦ አለው? ባለ አንድ ሽቦው ዳሽቦርድ ላይ ላለው የሙቀት ጌጅ ነው። ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ባለ ሁለት ሽቦው ነው። የእሱን ሶኬት ንቀልና ሴንሰሩን እዚያው እንዳለ በኦም ለካው፦ 80 ዲግሪ አካባቢ ከ200 እስከ 400 ኦም ነው የሚጠበቀው፣ 20 ዲግሪ ላይ ደግሞ ከ2,000 እስከ 3,000። የቼክ መብራት ካልበራ አትዘናጋ፣ ሴንሰሩ ሙሉ በሙሉ ካልተቋረጠ ኮምፒውተሩ የብልሽት ኮድ አይጽፍም።

ኮሮላው94
ሞተሩ እሳት ሆኖ 1,900 ኦም አነበበ! መካኒኬ የቀየረው ባለ አንዱን ነበር። ሶማሌ ተራ ሄጄ ባለ ሁለቱን ገዛሁ፣ ሦስት ቀን ሆነው፣ በጠራራ ፀሐይም በአንድ ቁልፍ ነው የሚነሳው።

የቆላ ሹፌር
እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። ጨርቁን ግን አትጣለው፣ መስታወት ትጠርግበታለህ።