ስዕል ሸጦ ስዕል መግዛት ልክ ነው?

ቀለሜ፦ የዛሬው ክርክር ይሄ ነው። አሜሪካ ሜሪላንድ ያለው የባልቲሞር የጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2018 የታዋቂዎቹን ነጭ አሜሪካዊ ሰዓሊያን የእነ ዋርሆልንና የእነ ራውሸንበርግን 7 ስራዎች ለሽያጭ አወጣ። በገንዘቡ የሴቶችና የጥቁር ሰዓሊያን ስራ ገዛበት። የጥቁር አሜሪካዊያኑ የኤሚ ሼራልድና የጃክ ዊተን ስዕሎች በዚያው ነው የገቡት። ደግ አደረገ ወይስ አጠፋ? ስድብ የለም።

የሜሪላንዱ፦ ደግ አደረገ! ባልቲሞር እኮ ከግማሽ በላይ ነዋሪዋ ጥቁር ነው። በ2019 የወጣ ጥናት 18 ትልልቅ የአሜሪካ ሙዚየሞችን አይቶ ነበር። ስራቸው እዚያ ካለ ሰዓሊያን 85 በመቶው ነጭ፣ ጥቁር አሜሪካዊው 1.2 በመቶ። አንድ ነጥብ ሁለት! ልጆቼን ይዤ ገብቼ ምን ላሳያቸው?

ሸራ፦ ጋሼ፣ ቁጥሩ አያከራክረንም። ግን ዛሬ ዋርሆልን የሸጠ፣ ነገ ሲቸግረው ሼራልድን ይሸጣል። በ2020 ደግመው ሞክረውት የለ? የዋርሆልን «የመጨረሻው እራት» ሊሸጡ ሲሉ ጩኸቱ በዛባቸው። ጨረታው ሰዓታት ሲቀሩት ተዉት።

የሜሪላንዱ፦ የ2020ው ሌላ ነው፣ የሙዚየሙ ሰራተኞች ደሞዝ ማስተካከያም ነበረበት። የ2018ቱ ስዕል በስዕል ነው። አንተስ ገንዘቡን ከየት ታመጣለህ?

ሸራ፦ ቦርዱ ላይ ሀብታሞች ተቀምጠው የለ እንዴ? ኪሳቸውን ይዳብሱ።

ቀለሜ፦ ደሞ ሁሉም ጨለማ አይደለም። አዲስ አበባ የተወለደችው ሰዓሊዋ ጁሊ ምህረቱ በ2021 ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ላይ ትልቅ ዓውደ ርዕይ ነበራት።

እትዬ ብሩሽ፦ አንድ እንጨት አይነድም፣ ቀለሜ። በ1969 የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ስለ ሐርለም፣ ስለ ከተማዋ የጥቁሮች ሰፈር፣ ትልቅ ዝግጅት አሳየ። ፎቶው በሽ በሽ፣ የሐርለም ሰዓሊ የሳለው ስዕል ግን አንድም አልነበረም። ሰዓሊያኑ መፈክር ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ስለ ሰው ሕይወት እያወሩ ባለቤቱን ውጭ ማስቀረት ምን ይባላል? እኔን ግን ከግዢው ይልቅ የሚከነክነኝ መጋዘኑ ነው። ትልልቅ ሙዚየሞች ካላቸው የሚሰቅሉት ጥቂቱን ነው። የኛው ሰዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን «የጁጁ ሰርግ» የሚባለው ስራው ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም (ሞማ) ስብስብ ውስጥ አለ። ያለው ግን የት ነው? ግድግዳ ላይ ወይስ ጨለማ ውስጥ? ሼራልድንም ገዝተው መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጧት ምን ዋጋ አለው!

የሜሪላንዱ፦ እትዬ፣ መጀመሪያ ካልተገዛ ምኑ ይሰቀላል?

እትዬ ብሩሽ፦ እሱስ ልክ ነህ። ይግዙ። በየዓመቱ ስንቱን እንደሰቀሉም ይንገሩን።

ሸራ፦ በዚህ እስማማለሁ። ሽያጩ ግን አሁንም አልተዋጠልኝም። ቅዳሜ ሄጄ ዊተን ተሰቅሎ እንደሆነ አያለሁ። መግቢያው ነፃ ነው አይደል?

የሜሪላንዱ፦ ነፃ ነው። ካገኘኸው ፎቶ ላክልን።