ሽሮዬም ከብስኩቱ ጋር ይመደባል?

የማራኪዋ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጎንደር ነኝ። ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤቷ «በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ በምሳ ዕቃ አትላኩ» የሚል ወረቀት መጣ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ግን ድንበሩ የቱ ጋ ነው? ከቅዳሜ ገበያ አተር ገዝቼ፣ ለቅሜ፣ ቆልቼ፣ ከክኬ፣ ቅመሙን ጨምሬ ወፍጮ ቤት ያስፈጨሁት ሽሮስ? የዳቦ ቤት ዳቦስ? ብስኩቱ ደግሞ ማሸጊያው ላይ «ብረትና ቫይታሚን ያለው» ይላል። ልጅቷ ከሲታ ስለሆነች በጣም ያስጨንቀኛል።

ነርስ ከአዘዞ፦
እህቴ፣ ሽሮሽን እንዳትተዪ! በብዛት የሚሠራበት «ኖቫ» የሚባለው ምደባ ነው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ብራዚል ውስጥ የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲው ካርሎስ ሞንቴሮ ያቀረበው። ምግብን ምን ያህል እንደተቀነባበረ አይቶ በ4 ምድብ ይከፍላል፤ 1ኛው ብዙም ያልተቀነባበረ፣ 4ኛው በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ነው። አተር፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ድንች 1ኛ ናቸው፤ መቁላትና መፍጨት ከዚያ አያወጣቸውም። ዘይት፣ ቅቤ፣ ጨው፣ ስኳር 2ኛ። ከዱቄት፣ ከእርሾ፣ ከጨውና ከውሃ ብቻ የተጋገረ ዳቦ 3ኛ። ብስኩት፣ ለስላሳ፣ የታሸገ ቺፕስ፣ ኢንዶሚ 4ኛ። ማሸጊያውን ገልብጪና አንብቢ፦ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ማቅለሚያ፣ ሰው ሠራሽ ቃና፣ ኢሙልሲፋየር (ዘይትና ውሃን የሚያዋህድ ተጨማሪ) ካየሽ 4ኛ ነው። ዝርዝሩ የሚጻፈው መጠኑ ከሚበዛው ጀምሮ ነው። ብረት ተጨመረበት ማለት ደግሞ ስኳሩ ወጣለት ማለት አይደለም።

የሁለት ልጆች አባት፦
እኔ ምድቡ ብቻውን አይበቃም ባይ ነኝ። የሕፃናት ፎርሙላ 4ኛ ውስጥ ነው፤ የእናት ጡት ላጣ ሕፃን ግን ሕይወቱ ነው። በሌላ በኩል፣ እቤት የተጋገረ ዳቦ ስኳር ከበዛበት ሻይ ጋር በየጠዋቱ ለልጆቻችን እንሰጣለን። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከእህሉ የሚገኘው ብረት በደንብ እንዳይዋጥ ያደርጋል። ማንም የማያወራው ይኼኛው ነው።

የማራኪዋ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ገልብጬ አየሁት፤ ከዱቄት ቀጥሎ ስኳር ነው! ከነገ ጀምሮ ድንችና እንቁላል እቀቅልላታለሁ። ጾም ሲገባ ግን እናቴ «ዕቃው ይነካካል» ትላለች፤ እንዴት ላድርግ?

ነርስ ከአዘዞ፦
በዚህ ዕድሜዋ ጾም ግዴታ የለባትም። ለእሷ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስትና ሳህን ለይተሽ አስቀምጪ፤ እናትሽም ቅር አይላቸውም። ሽሮዋ ላይ የተፈጨ ለውዝ ጣል አድርጊበት። ስለ ክሳቷ ደግሞ በሐሳብ ከምትብሰለሰዪ ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመዝኛት፤ ክብደቷን ከቁመቷ ጋር አይተው ይነግሩሻል።