«ኦልድ ማክዶናልድ» በአማርኛ ይዘፈን ወይስ ይቅር?

የመንትዮች እናት፦ ወገኖች፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የቅዳሜ አማርኛ ክፍላችን ውስጥ ክርክር ተነስቷል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት የለመዱትን «ኦልድ ማክዶናልድ»፣ ያንን ስለ አንድ ገበሬና ስለ እንስሳቱ ድምፅ የሚዘፈን የእንግሊዝኛ የልጆች ዘፈን፣ በአማርኛ እናዘፍናቸው ወይስ ይቅር? እኔ እናዘፍናቸው ባይ ነኝ። በየዙሩ አንድ እንስሳ ይጨመራል፣ የቀደሙትም ይደገማሉ። ዜማውን ስለሚያውቁት አማርኛው ብቻ ነው የሚቀራቸው።

አንድ አባት፦ አልስማማም። ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ የማመጣው የፈረንጅ ገበሬ እንዲዘፍን ነው እንዴ? እነ «እቴ ሜቴ» እያሉ! እኛ አውራ ዶሮ እንዴት እንደሚጮህ ያወቅነው ድብብቆሽ ስንጫወት ነው። «ኩኩሉ» ሲባል «አልነጋም» እያልን። ልጄን ዶሮ ምን ይላል ብዬ ብጠይቀው «ኮካ ዱድል ዱ» አለኝ። አንጀቴ አረረ።

የቅዳሜው አስተማሪ፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን ገበሬውም ቢሆን ስሙ የጸና አይደለም፤ በፈረንጆቹ 1917 በታተመ የወታደሮች ዘፈን ስብስብ ውስጥ ማክዱጋል ነበር፣ እርሻውም ኦሃዮ። ስለዚህ እኛም የራሳችንን ገበሬ ብንተካ ነውር የለውም።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። እንግሊዝኛው ድምፁን ደጋግሞ ያልፋል። በአማርኛ «እምቧ» ካልን በኋላ ላሚቱ «ትላለች» ነው፣ ጥጃው «ይላል» ነው፣ ብዙ ከሆኑ «ይላሉ»። እዚህ የተወለዱ ልጆች የሚቸገሩት እዚችው ላይ ነው፣ «ማሚ መጣ» የሚሉት ለዚህ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሞከርኩት። አንዲት የ6 ዓመት ልጅ «ላሚቱ እምቧ ይላል» ብላ ጀመረች። ዝም አልኳት። አራተኛው ዙር ላይ፣ ጓደኞቿን እየሰማች፣ ራሷ «ትላለች» አለች! ለትልልቆቹ ደግሞ አህያ ታናፋለች፣ ፈረስ ያሽካካል፣ ዶሮ ታስካካለች እያልን እንጨምራለን። እነዚህን ቃላት ቤት ውስጥ ማን ይነግራቸዋል? አፓርታማ ውስጥ አህያ የለም።

የመንትዮች እናት፦ አሳማውንስ? አንዳንድ ወላጆች ቅር ብሏቸዋል።

የቅዳሜው አስተማሪ፦ በፍየል ተክተነዋል።

አንድ አባት፦ የ«ትላለች»ው ነገር አሳምኖኛል፣ የእኔም ልጅ አያቱን በስልክ «ደህና ነህ» ነው የሚላት። ግን «እቴ ሜቴ»ም አብሮ ይግባ፣ በዚህ አልደራደርም። አውራ ዶሮውም ተራው ሲደርስ «ኩኩሉ» ይበል፣ ልጆቹ ደግሞ በአንድ ድምፅ «አልነጋም» ብለው ይመልሱለት።